የአባቴ ዲኤክስ
ውጭ አገር ያሉ ወጣቶች የድሮዋን ኮሮላ በኋላ ጎማ ስለምትነዳ የእሽቅድምድም መኪና ያደርጓታል። ቦኬ ያለችው የአባቴ ዲኤክስ የምትሽቀዳደመው ግን ከዳገት ጋር ነው። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቀዋል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ። ዳገቱ ሲረዝም ደግሞ ራዲያተሩ ይፈላል።

እኔ ኮድ ሲበላሽ ሎግ አነባለሁ፤ መካኒኩ ካንዴላ ነቅሎ ቀለሙን ያነባል። የእጅ ዋጋው አይከብድም። የሚከብደው ዕቃው ነው፤ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናዋ ትቆማለች።

«ሽጣት» ይሉኛል። በምን ልተካት? የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ኤሌክትሪክ እንግዛ ስለው አባቴ፣ «ልጄ፣ እሷን የሚጠግን ሰው እዚሁ አለ» ይላል። መልስ የለኝም። የጥገናውን ብር በየወሩ እልካለሁ።