ሜዳ ላይ የማይታወቅ ሸራ

ቶናው ደርሷል ወዳጄ፤ ስኒህን ወዲህ በል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። መለዋወጫ ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ቀድሞ ምን ይልሃል? «ኦርጅናሉን ነው ቻይናውን?» አይደል? ሁለት ብቻ ይመስላል። ኧረ ከዚያም ይበዛል!

መንገዳችንን የሞላውን ቶዮታ እንውሰድ። ቶዮታ ዕቃውን ሁሉ ራሱ አይሠራም። በፈረንጆቹ 1949 ከቶዮታ ተነጥሎ የወጣው ዴንሶ ዛሬም ለቶዮታ ያመርታል፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ካርቶንም ይሸጣል። ስለዚህ የቶዮታ ካርቶን ያልለበሰ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይቻልም። ሌላው ፋብሪካ በገዛ ስሙ የሚሸጠውም አለ፤ ደህናም ደካማም ይገኝበታል፣ ግን ማንነቱን አይደብቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ፎርጅዱ ነው፤ የኦርጅናል ዋጋ ከፍለህ ኮፒ ታቅፈህ ትገባለህ።

ልዩነቱ የት ነው? ሆዱ ውስጥ ነዋ። የዘይት ፊልትሮ ከውጭ ሲታይ ያው ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ወርዶ እንዳያልቅ የሚይዝ ጎማ አለ። እሱ ቶሎ ከደረቀ፣ ጠዋት ስታስነሳ ሞተሩ ለቅጽበት ያለ በቂ ዘይት ይፋጫል። አንድ ቀን አይጎዳም፤ በየጠዋቱ ሲሆን ግን ይበላዋል።

የፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሐዋሳችን ሜዳ ናት፤ ታቦርና አላሙራ ዳር ቆመው ያዩናል እንጂ ከፒያሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልትበላ ስትወርድ ፍሬንህ እምብዛም አይግልም። ደካማውም ሸራ ይይዝልሃል፣ «ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» ትላለህ። እስቲ ሀገረ ሰላም ደርሰህ ተመለስ! እሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ እኛ 1,700 አካባቢ ነን። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚሸከመው ሸራው ነው። ማጣበቂያው ደካማ ከሆነ ሲግል መያዙ ይከዳል፤ አንተ ትረግጣለህ፣ መኪናው ይወርዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄኔ ነው። ሦስት ሰው ከኋላ ለሚጭን ባለ ባጃጅም ያው ነው፤ የሰው ነፍስ ይዟል።

ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ያገለገለ ኦርጅናልስ? ለካምቢዮ፣ ለዲናሞ፣ ለበርና ለመብራት ከአዲስ ኮፒ እሱን እመርጣለሁ። ሸራና ጎማ ነክ ነገር ግን ያገለገለ አትንካ፤ ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

ለፍሬንና ለመሪ ዕቃ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ እዚሁ ቅርንጫፍ አለው፤ ዋጋውን ሰምተህ ሳትደነግጥ ጠይቅ። ሌላ ሱቅ ከሄድክ ሜካኒኩ የፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዘህ ሂድ። ኦርጅናል ከነበረ ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው፤ ክብደቱን በእጅህ መዝን፣ ቁጥሩን አመሳክር፣ የጽሑፉን ጥራት እይ። ባለሱቁ በዚህ ከተቆጣ ዕቃውን መልስለትና ቀጣዩ ሱቅ ግባ፤ ሐዋሳ መለዋወጫ ሱቅ አላጣችም።