ማትሪክ ላይ የማይመጣው ክፍለ ጊዜ

ከቢቸና የወጣን ልጆች አዲስ አበባ ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ የስፖርት ቲቸራችን ላይ። ስማቸውን አንጽፍም፤ ቢጻፍ አይወዱም። ፊሽካቸውን ብንሰማ ግን ዛሬም ሳናስበው የምንሰለፍ ይመስለናል።

በኛ ጊዜ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት ለወንዶች ኳስ፣ ለሴቶች ጥላ ስር ወሬ ነበር። ያውም አንድ ኳስ ለስልሳ ተማሪ! ቲቸር ግን ይህን አይቀበሉም። ሜዳውን በገመድ ለክተው፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው መሮጫ አበጁልን። ወንድ ሴት ሳይሉ ሁላችንንም 1,500 ሜትር ያስሮጡንና በእጅ ሰዓታቸው የለኩትን ከየስማችን ፊት ለፊት ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ቅዳሜ የሰፈር ጨዋታ ይዳኛሉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሯቸው ካሉት የንብ ቀፎዎች ዘንድ ናቸው። “ንብ እንደናንተ አይለግምም” ይሉን ነበር።

ነገሩን ያበላሸነው እኛው ነን። ማትሪክ ሲቃረብ ተፈራርመን፣ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጠን ብለን አመለከትን። ተፈቀደልን። ቲቸር አልተቆጡም፤ “መልካም ነው፣ ሒሳቡን ሥሩት” አሉ። በዓመቱ ወደ ሞጣ መዛወራቸውን ሰማን።

የስፖርት መምህር ምን ሊሠራ እንደሚችል የገባን ዘግይቶ ነው። አርሲ በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። ልጆችን ሰብስበው ማስሮጥ ጀመሩ። በእጃቸው ካለፉት መካከል በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶንን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ እንዲሁም በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ያጠለቁት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ።

የበቆጂ ከፍታ ነው ትሉ ይሆናል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅም ሞልቷል። ልጁን አይቶ፣ ሰዓቱን ጽፎ፣ በማግስቱም “ና” የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል። እኛ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን፤ በፊርማ ሸኘነው።

ባለፈው ዓመት አራት ሆነን በቅጥቅጥ ተሳፍረን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን። ቲቸር ጡረታ ወጥተዋል፤ ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቀፎዎቹም አብረዋቸው ሞጣ ገብተዋል። ጠላ ቀርቦልን ስንጫወት ተነሡና ያንን ደብተር አመጡት። ሁላችንም አለንበት። ከመካከላችን አንዷ ከስሟ ፊት ለፊት 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚል አገኘች፤ በባዶ እግሯ፣ በሣር ሜዳ ላይ የሮጠችው ነው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዛሬ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው።

“ቲቸር፣ ምነው ያኔ ሳይነግሩኝ?” አለቻቸው።

“ነግሬሽ ነበር ልጄ። ‘ማትሪክ ላይ አይመጣም’ አልሽኝ።”

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሩን ይዛ ብዙ ቆየች።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቲቸርን ሲጠብቁ አገኘናቸው። ደሞዝ የለው፣ አበል የለው። እኛም አብረን ሮጥን፤ መጨረሻ ወጣን። ቲቸር ግን የኛንም ሰዓት ጻፉት።

የናንተስ የስፖርት ቲቸር ዛሬ የት ናቸው? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?