የአራት ሺህ ሪያሉ ፕሌይስቴሽን

በ2013 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) ብራዚል ውስጥ ግን ያው ዕቃ 3,999 ሪያል ተባለ። በጊዜው ምንዛሪ 1,850 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ብራዚሎች ጉድ አሉ። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ አሰላና «የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ፣ አሜሪካ ሄጄ ገዝቼ ብመለስ ይቀለኛል» ብሎ ቀለደ። ሶኒም ነገሩ ሲከርበት ማብራሪያ አወጣ፤ ከዋጋው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውጭ ስለሚገባ የሚጣልበት ቀረጥና ግብር ነው፣ ይህ ዋጋ ለእናንተም ለእኛም አይበጅም አለ።

በዚያው ወር ተፎካካሪው ኤክስቦክስ ዋን ብራዚል የገባው በ2,299 ሪያል ነው። ልብ በሉ፣ አሜሪካ ውስጥ እኮ በ100 ዶላር የሚወደደው ኤክስቦክስ ነበር። ድንበር ሲሻገሩ ርካሹ ውድ፣ ውዱ ርካሽ ሆኖ ቁጭ አለ።

ዓለም አቀፍ ንግድ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህንን ታስታውሱታላችሁ። ሁለቱን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጽፌ «ለምን?» ብዬ ዝም እል ነበር። የጌም ነገር ሲሆን ከኋላ ወንበር የሚተኙትም ይነቃሉ። ስለ ቡና ኤክስፖርት ሳወራ አንድ እጅ የማይወጣበት ክፍል፣ ስለ ፕሌይስቴሽን ሳነሳ ገበያ ይሆናል።

ሰሞኑን ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ገጹ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ። «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማስገባት በጠቅላላ ይከልከል። ብራዚል እንዲህ አድርጋ ነው ፋብሪካ ያገኘችው። መምህራችን በፕሌይስቴሽን ምሳሌ ያስተማረን ይህንኑ ነው።» ታግም አደረገኝ። ብዙ ሰው ወዶለታል። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ልጁ የተናገረው ፈጽሞ ውሸት ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ያስተማርኩ ዕለት ቀርቶ ይሆን? እንጃ።

መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልንገራችሁ፣ ደግሞም ደስ የሚል ታሪክ ነው።

ብራዚል በ1984 የኮምፒውተር ኢንዱስትሪዋን ከውጭ ውድድር የሚከልል ሕግ አወጣች። በዚያ ዘመን ከውጭ የጌም ማጫወቻ አስገብቶ በሕጋዊ መንገድ መሸጥ እንደ ሕልም ነበር። በዚህ ግንብ ውስጥ በ1987 ቴክቶይ የሚባል የአገሬው የአሻንጉሊት ኩባንያ ተቋቋመ። ከጃፓኑ ሴጋ ጋር ተዋዋለና በ1989 ማስተር ሲስተም የተባለውን ማጫወቻ እዚያው አገር ውስጥ እያመረተ መሸጥ ጀመረ። ማስተር ሲስተም ማለት ጃፓንና አሜሪካ ውስጥ በኒንቴንዶ ድባቅ የተመታ ዕቃ ነው። ብራዚል ውስጥ ግን ነገሠ። እስካሁን 8 ሚሊዮን ገደማ እንደተሸጠ ይነገራል።

በግንቡ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ተማሪዬ የዘለላት ይህችን ነው። ኒንቴንዶም ራሱ ባይገባ ኮፒው በሽ ነበር። ግራዲየንቴ የሚባል ትልቅ የብራዚል የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ፋንተም ሲስተም ብሎ የኒንቴንዶን ጌሞች የሚያጫውት ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ሌሎችም እንዲሁ። በግንቡ ውስጥ ብዙ ሰው ነበረ ማለት ነው። ቴክቶይ የበለጣቸው በሠራው ሥራ ነው። ብራዚል ውስጥ ሕፃን አዋቂው የሚያውቃት ሞኒካ የምትባል የካርቱን ልጅ አለች፣ ማውሪሲዮ ዲ ሶዛ የሚባል ሰው የፈጠራት። ቴክቶይ አንድ የጃፓን ጌም ወስዶ ጀግናውን አወጣና በእሱ ቦታ ሞኒካን አስገባ። በቃ፣ ጌሙ የብራዚል ሆነ። በ1991 ደግሞ ፋንታሲ ስታር የተባለውን በጽሑፍ የታጨቀ ረጅም ጌም ወደ ፖርቱጋልኛ አስተረጎመ። ያኔ ለብራዚል ልጅ ብሎ ጌም የሚያስተረጉም ማንም አልነበረም። ኒንቴንዶ በ1993 በሕጋዊ ወኪል በኩል ሲመጣ የሴጋ ስም በየቤቱ ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ይህ የጥሩው ዘመን ነው። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ስሙኝ።

የ1984ቱ ሕግ በ90ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተነሳ፤ ከፍተኛው ቀረጥና ግብር ግን ቀረ። ፕሌይስቴሽን 2 ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ሶኒ ብራዚል ውስጥ በይፋ አይሸጠውም ነበር። በይፋ የገባው መቼ መሰላችሁ? በ2009 መጨረሻ! ጃፓን ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ፕሌይስቴሽን 3 እንኳ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ማለት ነው። ታዲያ የብራዚል ልጆች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ? ኧረ ወዲያ። አገሩ በፕሌይስቴሽን 2 ተሞልቶ ነበር።

ብራዚልና ፓራጓይ የሚዋሰኑበት አንድ ድልድይ አለ፣ የወዳጅነት ድልድይ ይባላል። በዚህ በኩል ፎዝ ዶ ኢጉዋሱ፣ በዚያ በኩል ሲውዳድ ዴል ኤስቴ የምትባል የፓራጓይ ከተማ። ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር ሱቅ ናት። ብራዚሎች በአውቶቡስ ተጭነው ይሄዳሉ፣ ሻንጣና ፌስታል ሞልተው ይመለሳሉ። እነዚህ ሰዎች በአገሬው ቋንቋ የራሳቸው ስም አላቸው፤ «ባለ ፌስታሎቹ» ብለን ብንተረጉመው ብዙ አንርቅም። ማጫወቻው በድልድዩ ገባ፤ ቺፕ ተገጠመለት፤ ዲስኩ መንገድ ላይ ተባዝቶ በርካሽ ተቸበቸበ። ሶኒ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ኢምንት ነው፣ መንግሥት ደግሞ ከነጭራሹ ምንም።

ከዚህ ከመንገድ ገበያ የወጣ አንድ ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ቦምባ ፓች ይባላል። የአገሬው ልጆች የጃፓኑን የእግር ኳስ ጌም ከፍተው የብራዚል ክለቦችን፣ የብራዚል ተጫዋቾችን አስገቡበት። በየወቅቱ ዝውውሩን እያደሱ በኮፒ ዲስክ ይለቁታል። ሕጋዊ አይደለም፣ እሺ። ግን ቴክቶይ በሞኒካ የሠራውን ሥራ ያለ ፈቃድና ያለ ቢሮ ደገሙት እኮ! ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ቡድን መጫወት ይፈልጋል። ሻጩ ካላመጣለት ራሱ ይሠራዋል።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ፣ ተማሪዬ የሚመካበት እሱ ስለሆነ። ማናውስ የሚባል ከተማ አለ፣ አማዞን ጫካ መሀል። ከ1967 ጀምሮ እዚያ ለሚያመርት ልዩ የግብር ማበረታቻ ይሰጣል። ማይክሮሶፍት በ2011 ኤክስቦክስ 360ን እዚያ መገጣጠም ሲጀምር ትንሹ ሞዴል ወደ 799 ሪያል ወረደ። ያው ኤክስቦክስ በ2006 ብራዚል ሲገባ 2,999 ሪያል ነበር። የ2013ቱ እንቆቅልሽ መልስም ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት ማናውስ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን ከውጭ አስጭኖ አመጣ። በ2015 ሶኒም ማናውስ ገባና ዋጋው ወደ 2,599 ወረደ።

«ይኸው አይደል እንዴ መምህር! ግንቡ ፋብሪካ አመጣ!» ትለኛለህ። አዎ፣ አመጣ። ግን ምን ዓይነት ፋብሪካ? ቺፑ ማናውስ አልተሠራም። ክፍሎቹ ከእስያ በመርከብ ይመጣሉ፣ በአማዞን ወንዝ ወደ ጫካው ይገባሉ፣ እዚያ ይገጣጠማሉ፣ ካርቶን ይለብሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ገዢው ወዳለበት ወደ ሳኦ ፓውሎ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ለሚገጣጥመው ሠራተኛ እንጀራ ነው፣ አልንቀውም። የእንጀራውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ልጁ በልደቱ ቀን ጌም የለመነው አባት ነው። እዚያ አገር ዋጋ የሚለጠፈው በሁለት መልክ ነው፦ ጠቅላላው፣ ከጎኑ ደግሞ በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ወር ሲከፈል። እኛ እቁብ እንጥላለን፣ እነሱ ለሱቁ ይከፋፍላሉ፤ ያው ነው።

ኒንቴንዶስ? ፋብሪካ አልሠራም። በ2015 ጥር ላይ የቀረጡን ክብደት ጠቅሶ ብራዚልን ለቀቀ። ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለውን አገር! ስዊች በይፋ ወደ ብራዚል የገባው በ2020 ነው፣ በሌላው ዓለም ከወጣ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ። መንግሥትም በ2019 የጌም ማጫወቻ ላይ ያለውን አንዱን ግብር ከ50 ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያም በኋላ ቀነሰው። ግንቡን የሠራው ራሱ ድንጋይ በድንጋይ ማውረድ ጀመረ ማለት ነው።

ቴክቶይስ ምን ሆነ አትሉኝም? አለ። በ2017 ሜጋ ድራይቭን እንደ አዲስ አምርቶ ሸጠ። አዎ፣ የ1990ውን ማጫወቻ። ለናፍቆት የሚገዛ ሰው ሞልቷል፣ እኔም ብራዚላዊ ብሆን እገዛው ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ከለላ፣ ያ ሁሉ ፍቅር ኖሮ ቴክቶይ የራሱን ቀጣይ ትውልድ ማሽን ይዞ ከሶኒ ጋር አልተጋፋም። ሴጋ ማሽን መሥራቱን በ2001 ሲተው የቴክቶይም አዲስ ነገር ምንጩ ደረቀ።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ። እኛ ጋ ሶኒም ማይክሮሶፍትም ሱቅ ከፍተው አይፎካከሩም። የሶኒ የኦንላይን ሱቅ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ልጆቻችን አካውንት ሲከፍቱ ለአንድ ቀን አሜሪካዊ ይሆናሉ። ቢሆንም ፉክክሩ አለ፣ አሸናፊም አለ። እኛ ሰፈር ያለውን ጌም ቤት የሚሠራውን ልጅ «ለምን ኤክስቦክስ የለህም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል?» አለኝ። «ፕሌይስቴሽን ከሆነ መርካቶ ወስጄ በማግስቱ ይመለስልኛል። ጆይስቲኩም እንደልብ ነው። ደሞ ልጆቹ እጃቸው የለመደው ይሄንን ነው፣ ኤክስቦክስ ብሰጣቸው ሲሸነፉ በጆይስቲኩ ነው የሚያሳብቡት።»

ማሽኖቹን ያመጣለት ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ነው፣ በሻንጣ፣ ያገለገሉ። ማንም የገበያ ጥናት ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መልስ አይሰጠኝም። የማሽኑን አቅም አንዴ አላነሳም። ጠጋኝ፣ መለዋወጫ፣ የለመደ እጅ፣ የዘመድ ሻንጣ። የእኛ ጌም ቤቶች ያሉት በብራዚል የድልድይ ዘመን ላይ ነው፣ ድልድያችን ቦሌ ሆኖ።

እና ወንድሜ፣ «ይከልከል» ስትል ይህ ልጅ ፊቴ ይመጣል። ብትከለክል የዘመዱ ሻንጣ አይቆምም፣ ይወደዳል እንጂ። ጭማሪውን የሚከፍሉት ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሳንቲም አዋጥተው አንድ ጌም የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። ሞኒካን የሚያስገባልህ ሰው ካለህ፣ ማለትም ጊዜውን የሚሠራበት፣ ለተወሰነ ዓመት ከልልለት፣ አልቃወምም፤ ማብቂያውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጻፍለት። አንተ የጻፍከው ላይ ሰውየውም የለም፣ ማብቂያውም የለም።

ደግሞ ብራዚል ድረስ ምን አስኬደን? በ2022 ጥቅምት ላይ በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የተጣለውን እገዳ ታስታውሳለህ፣ በ2024ቱ የምንዛሪ ማሻሻያ የተነሳውን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከታገዱት ዕቃዎች ስንቱ እዚህ መመረት ጀመረ? ስንቱስ በሻንጣ ገባ? አንተ ከእኔ ይልቅ ለመረጃው ቅርብ ነህ። ጉምሩክና ንግድ ላይ የምትሠሩ ሌሎች ልጆቼም አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እኔ ማታ ነው የማነበው፣ ቀን ኔትወርኩ አያስገባኝም።