መቀርቀሪያው

ስለ ኦቨን መዝጊያ የሚያወራ ጽሑፍ በማኅበራችን መጽሔት ላይ አይወጣም የሚል ሕግ እስካሁን አላየንም። ስለ ትምህርት፣ ስለ አንድነትና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኛ ግን በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አራት ተማሪዎች፣ ኩፍ ያለ የድፎ ሊጥና አልከፈት ያለ መዝጊያ በአንድ ጠባብ ኩሽና ውስጥ የተፋጠጡበትን ነገር መጻፍ መርጠናል። በሰው አገር ቤት ተከራይቶ የሚማር ሁሉ ዛሬ ባይሆን ነገ ይገጥመዋልና።

በአሜሪካን አገር በኪራይ ቤት ከሚገኙት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ብዙዎቹ ራሳቸውን ያጸዳሉ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ዐይነት ኦቨን ለገበያ ካወጣ ወዲህ የዘዴው መሠረት ብዙ አልተለወጠም። ሳሙናም ውሃም የለበትም፤ ኦቨኑ ወደ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግልና የተንጠባጠበውን ስብ ሁሉ ዐመድ ያደርገዋል። በዚያ ግለት መካከል መዝጊያውን የሚከፍት ሰው ቢኖር ፊቱ ይለበለባል። ስለዚህ ማጽዳቱ ሲጀመር አንዲት ትንሽ ሞተር መንጠቆውን ገፍታ መዝጊያውን ትቀረቅራለች፤ ግለቱ እስኪበርድም አትለቅም። ችግሩ ያ ሁሉ ግለት መቀርቀሪያውን ራሱን፣ ሽቦዎቹንና በአጠገቡ ያለውን ሁሉ መጥበሱ ነው። ዘበኛውን ከሌባው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዘግቶ ቤቱን እንደ ማቃጠል ይመስለናል።

ቤቱን የተረከብነው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። አከራዩ ቁልፉን ሲሰጠን ኦቨኑ ራሱን አጽድቷልና እናንተ አትድከሙ የሚል መልእክት በስልክ ጽፎልናል። መልእክቱን ያላጠፋነው ጨዋ ስለሆንን ሳይሆን የማጥፋት ልማድ ስለሌለን ነው። ለዐሥር ቀን ያህል ሽሮውንም ሻዩንም ከላይ ባለው ምድጃ ላይ ስንሠራ ኦቨኑን የነካው አልነበረም። በዋዜማው ምሽት ሊጡ ተቦክቶ መዝጊያውን ብንስብ ንቅንቅ አይልም። ከፊቱ ባለው መስኮት ላይ ኤፍ የሚል ፊደልና አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ለአከራዩ ብንደውል፣ «ስገባ ደኅና ነበር፤ እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት፤ የጠጋኙ ሒሳብ ከማስያዣችሁ ይቀነሳል» ብሎ ዘጋው። ማስያዣ ለእርሱ ትንሽ ገንዘብ ይሆናል፤ ለእኛ ግን የአንድ ሴሚስተር መጽሐፍ ነው።

በቤታችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ አለ፤ ስለ ቁጥጥር ሥርዓት የሚሰጠውን ትምህርት በከፍተኛ ማዕርግ አልፏል፤ ካቻቢቴ ግን የለውም። የሕግ ተማሪው የኪራይ ውሉን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። የነርስነት ተማሪዋ ሊጡን ትጠብቃለች። አራተኛው ታሪክ ያጠናል፤ መዝጊያውን በቢላዋ እንፈልቅቀው ያለውም እርሱ ነው።

የፈለቀቀ የለም። በማኅበራችን በዓል ላይ የምናውቃቸውና ለረጅም ዓመታት የቤት ዕቃ በመጠገን የኖሩ አንድ አባት አሉና ጋሼ ዘንድ ደወልን። መጀመሪያ እንኳን አደረሳችሁ አሉን፤ ቀጥለውም፣ «አደራ ልጆቼ፣ እንዳትታገሉት። መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ያን ጊዜ በእውነት ባለዕዳ ትሆናላችሁ» አሉ። ከዚያ የጠየቁን ጥያቄ ፕሮፌሰር የሚጠይቀው ዐይነት አልነበረም፤ «ምን ይሰማችኋል?» ነው ያሉት።

በቅደም ተከተል አስኬዱን። ኦቨኑ ግሎ እንደሆነ ይብረድ፤ የእኛው ለቀናት ቀዝቃዛ ነው። ለሕፃናት ተብሎ የተሠራው የቁልፎቹ መዝጊያ ተነክቶ እንደሆነ ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፤ ያዝን፤ ቁልፎቹ ደኅና ይታዘዛሉ፤ መዝጊያው ግን ያው ነው። ቀጥሎ የምድጃውን ብሬከር ለአምስት ደቂቃ አጥፍቶ ማብራት። ስናበራው ከውስጥ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ተሰማና ቆመ፤ ኤፍም ተመለሰች። «ደግ ነው፤» አሉ ጋሼ፤ «ሞተሯ አልሞተችም፤ ቦርዱም ያዛታል ማለት ነው። አሁን አንዳችሁ መዝጊያውን በጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ያዙ፤ መንጠቆው ተወጥሮ እንደሆነ ይላላል።»

ይህን ስናደርግ ሞተሯ ሙሉ ዙር ዞረች። መንጠቆው በመዝጊያው ቀዳዳ ወጥቶ ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ወጣ፤ እንደገና ገባና ቆመ። እዚህ ላይ የምሕንድስናው ጓደኛችን ከወንበሩ ተነሣ። ሞተሯ የምታውቀው ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር ብቻ ነው፤ በላይዋ ያለ ሞላላ መዘውር በእያንዳንዱ ዙር መንጠቆውን ያስገባል፣ ያስወጣል። መንጠቆው የት እንደደረሰ ለቦርዱ የምትናገረው መዘውሩ ሲነካት የምትጫን ትንሽ ስዊች ናት። እርሷ ተከፍቷል ብላ ካልተናገረች ቦርዱ ሞተሯን ያዞራል፣ ያዞራል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ኤፍ ብሎ ይጽፋል። እንግዲህ ጉልበቱ አለ፤ የጎደለው ወሬ ነጋሪው ነው። ይህንኑ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ በሥዕልና በቀመር ሠርቶት ነበር።

መዝጊያውን ለመክፈት የተጠቀምንበት መላ የጋሼ ነው። የታሪክ ተማሪው ምድር ቤት ወርዶ ብሬከሩ ላይ ቆመ፤ የሕግ ተማሪው በባትሪ ብርሃን መንጠቆውን ይጠብቃል። መንጠቆው ሲለቅ «አሁን!» ብሎ ጮኸ፤ ብሬከሩ ጠፋ፤ ሞተሯ በዚያው ቆመች፤ መዝጊያው ተከፈተ። እልል ያለችው የነርስነት ተማሪዋ ናት። በኦቨኑ ወለል ላይ ያልተጠረገ ስስ ነጭ ዐመድ ተኝቷል። የሕግ ተማሪው ማንም ሳይነካው ፎቶግራፍ አነሣው።

ዳሩ ግን ተከፈተ እንጂ አልተሠራም፤ ወሬ ነጋሪው ካልታረመ ሲበራ መልሶ ይቀረቅራል። ከጎረቤት ቴስተር፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ተዋስን። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ምድጃው የሚሠራው በ240 ቮልት ነው፤ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ መጥፋቱም በቴስተር ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር የጀርባውን ቆርቆሮ የሚነካ ሰው በነፍሱ የፈረደ ነው። ስዊቿን ጫን ብናደርጋት ቴስተሩ ጮኸ፤ ደኅና ናት። ይህንኑ ሽቦው ቦርዱ ጋ በሚገባበት ጫፍ ላይ ብንሞክር ዝም። ስለዚህ በሽቱ በሁለቱ መካከል ነው። ብንከተለው ከስዊቿ ምላስ ላይ የተሰካው የሽቦ ጫፍ በግለት ጠቁሮና ላልቶ ተገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርገን ሰካነው። ጋሼም ሽቦው ራሱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ግለት በሚችል ሽቦ እንጂ በተገኘው እንዳትተኩት ብለው አስጠንቅቀውናል። ብሬከሩ ሲበራ ሞተሯ አንዴ ዞራ በቦታዋ ቆመች፤ ኤፍም ቀረች።

በዚህ ሁሉ መካከል ሊጡ ከዕቃው አፍ አልፎ ሊፈስ ሲል ሁለት ጊዜ መልሳ አሽታዋለች። ድፎው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወጣ፤ ከላይ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ኮባ ባይኖርም በሙዝ ቅጠል ስለተጋገረ ሽታው የቤት ነበር።

ዳቦውን እየቆረስን የታሪክ ተማሪው አንድ ነገር አነሣ። ዐፄ ምኒልክ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ጠይብ ቀጥቃጭ እያሉ መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ስድቡ ቀንሷል እንበል፤ ነገር ግን ከእኛ ከአራታችን ልጄ ምድጃ ጠጋኝ ሆነ ብሎ ለጎረቤት የሚያወራ ወላጅ ያለው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም። ጋሼ እንኳ ልጆቻቸው ይህን ሥራ እንዲይዙ አልፈለጉም፤ ራሳቸው ነግረውናል። በዚህ ላይ ክርክሩ እስከ ንጋት ቀጠለ፤ አልተስማማንም።

በማግሥቱ የሕግ ተማሪው ለአከራዩ ደብዳቤ ጻፈ። ዐመዱ ማጽዳቱ መካሄዱን እንጂ ማን እንዳካሄደው አያስረዳም ብሎ ራሱ አስቀድሞ ተከራከረ፤ ስለዚህ ከፎቶግራፉ ጋር የአከራዩን የራሱን የነሐሴ መልእክት አያያዘ፤ የላላውን የሽቦ ጫፍ ሥዕል ጨመረ፤ ስለ ማስያዣው የሚናገረውን የውል አንቀጽም ጠቀሰ። ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ስለ ማስያዣው አይቀነስም የምትል አንዲት መስመር አለች። የቀረው ወረቀት በሌላው ቤቱ ያለ የልብስ ማጠቢያ መኪና ውሃ አላፈስም ስላለ ቅዳሜ መጥተን ልናይለት እንችል እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። የምሕንድስናው ጓደኛችን ካቻቢቴ ገዝቷል።