የአርዲቦ መንዙማ በየትኛው የበጀት መደብ ይግባ?

ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ወደ አርዲቦ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ሐይቅ ያያል። አርዲቦ ከፍ ብሎ በተራሮች መሃል ተቀምጧል፤ ትርፍ ውኃው ቁልቁል ወርዶ ከታችኛው ሐይቅ ይገባል። ታች የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ላይ በአርዲቦ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ደግሞ ወዳጃ የተባለው የጸሎት ጉባኤ ይቀመጣል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ድቤው ይመታል፤ አውራጁ መንዙማውን ሲያነሳ ተቀባዩ በጭብጨባ ይመልሳል። የዚህ አገር ልጅ ሁለቱንም የኔ ነው ብሎ ያድጋል። ሙስሊም ጎረቤቱ ሰርግ የተጠራ ክርስቲያን ለብቻው የታረደለትን በልቶ፣ ዘፈኑን ግን ከሁሉም ጋር እኩል ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር አንድ ነገር ተከራከርን። መንግሥት ለባህልና ለኪነ ጥበብ ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይስ የለበትም? ደሴ የሚያስተምር ጓደኛዬ፣ «ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ ለዘፋኝ በጀት ይመደባል እንዴ?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ከመንግሥት የበላ ለመንግሥት ይዘፍናል፤ እንደዚያ ከሚሆን ባይበላ ይሻላል» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ከባድ ነገር ነው፤ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ ግን መክፈል አለበት ከሚሉት ነኝ። ጥያቄዬ ለምኑ ነው የሚከፍለው የሚል ነው።

መጀመሪያ ተቃውሞውን ልቀበል፤ ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ ነውር ነውና። መስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር አዲስ አበባ በባንዲራ፣ በቅስትና በመፈክር ተሸፈነች። አደባባዩን ለማስጌጥ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያ መጣ፤ የኪነት ቡድኖች ከየክፍለ ሀገሩ ተጠርተው ዘፈኑ፣ ጨፈሩ። በዚያው ወር ኮረም ላይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር፤ ባቲም ብዙ ሳይቆይ የረሃብተኛ መጠለያ ሆነች። ከዚያ ያመለጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ የኔ አገር ሰው «የባህል በጀት» ሲባል ግንባሩን ቢቋጥር አይፈረድበትም። መንግሥት ራሱን ለማወደስ ያወጣውን ገንዘብ የባህል ወጪ ብሎ ሲጠራው አይቷል።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም። የዘመናዊ ሙዚቃችንንና የቴያትራችንን ታሪክ ስንመረምር ከየአቅጣጫው መንግሥትን እናገኛለን። ሀገር ፍቅር በ1927 የተቋቋመው ጣልያን ሊወር በመጣበት ሰዓት ሕዝብ ለመቀስቀስ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተመርቆ ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠ ስሙ የገነነው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለውም ጦሩ ነበር። ታኅሣሥ 1953 ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ዘፋኙም ታሰረ። ሁለተኛው ጓደኛዬ የፈራው ይህንን ነው። ሸክላ የማሳተም መብትም ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር እጅ ብቻ ተይዞ ነበር፤ በ1961 አካባቢ አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ደፍሮ በራሱ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ምን ያህሉ ለጆሮ ይበቃ እንደነበር እንጃ። መንግሥት ኦርኬስትራውን መገበ፣ መሣሪያ ገዛ፣ ኖታ አስተማረ፤ በዚያው እጁ ደግሞ በሩን ዘጋ።

ኪነቱም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌውም ገበሬ ማኅበሩም ኪነት ነበረው፤ ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ስሙ የተጠራ ነበር። ግጥሙ አብዮቱን ማወደስ ነበረበት፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ለልምምድ ቤት ነበረ፣ ማሲንቆና ዋሽንት በወጪ ይገዛ ነበር፣ ከገጠር የመጣች ድምፀ መልካም ልጅ አበል አግኝታ ቀኑን ሙሉ ስትለማመድ ትውል ነበር። መፈክሩ ጠፋ፤ እስክስታውና ቅኝቱ ግን ከዚያ ቤት የወጡ ሰዎች እጅና ጉሮሮ ላይ ቀረ። ሥርዓቱ ሲወድቅ መፈክሩን መጣል ተገቢ ነበር። ልምምድ ቤቱን አብሮ መጣል ግን አልነበረበትም።

አምባሰልን እንውሰድ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተሰየሙት በወሎ ቦታዎች ነው። አምባሰልን በክራር የሚቃኝ አዛውንት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ረቂቅ ሥራ እንደሆነ ያያል። ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ክር ትንሽ ያዞራል፣ በአውራ ጣቱ ይመታል፣ ጆሮውን ያቀርባል፣ እንደገና ያዞራል። ቅኝቱ አምስት ድምፅ አለው፤ ከመነሻው ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ በግማሽ እርከን ብቻ ይርቃል፣ ከዚያ ደግሞ ሰፊ ዝላይ አለ። ያ ግማሽ እርከን ትንሽ ከሰፋ አምባሰልነቱ ይጠፋል። አዛውንቱ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከሰው አጠገብ ለዓመታት ተቀምጦ ነው የያዘው። «አያ፣ ልጅህን ታስተምረዋለህ?» ብዬ የጠየቅሁት አንድ የአምባሰል ሰው፣ «ምን ሊበላበት?» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ የሚጨመር አልነበረውም።

ገበያው ያኖረዋል የሚሉ አሉ። ገበያው የሚያኖረው የሚሸጠውን ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ሰርግ ቤት የሚፈለገው ኪቦርድና ቶሎ የሚያስጨፍር ምት ነው፤ ማሪቱ ለገሰ ያስተዋወቀችን ያ ረጋ ብሎ የሚወርድ አምባሰል በሰርግ መሃል ቦታ አያገኝም። ዩቲዩብም የሚከፍለው ለታየ ነገር እንጂ ለመማር ለወሰደው ዓመት አይደለም። መንዙማውማ ጭራሽ ሊሸጥ የተሠራ ነገር አይደለም። በቃል የሚወርደው የሸህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም፣ በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው የዑለማዎቻችን ዐጀሚ፣ በየመውሊዱ የሚዜመው ሁሉ በሰው ልብ ውስጥና በአሮጌ ወረቀት ላይ ያለ ሀብት ነው። ሸሁ ሲያልፉ ደረሳቸው ካልያዘው አብሮ ይቀበራል።

አሁን ያለው መንግሥታዊ ድጋፍ የት ነው የሚሄደው? ሕገ መንግሥቱ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። አንቀጽ 91 መንግሥት ባህሎች በእኩልነት እንዲጎለብቱ እንዲረዳና አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲያስፋፋ ግዴታ ይጥልበታል። ሰነዱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ ከ1999 ጀምሮ ቀኑ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ከክልል ክልል እየዞረ ይከበራል። ለበዓሉ ተብሎ ስታዲየም የተሠራላቸው ከተሞች አሉ። የየብሔረሰቡ ቡድን የባህል ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይጨፍራል፣ ቴሌቪዥን ያነሳዋል፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። ያን ቀን የተከፈተው መድረክ ለብዙ ተረስተው ለነበሩ ሕዝቦች ትልቅ ክብር ነበር፤ ይህን አላቃልልም። ችግሩ በማግሥቱ ነው። ልብሱን የሸመነችው፣ ግጥሙን የያዙት አዛውንት፣ ከበሮውን የሚወጥረው ሰው በዓመቱ ቀሪ ቀናት ከየትኛውም የበጀት መደብ ውስጥ የሉም።

ወሎ ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል። ድጋፉ የሚከፋፈለው በብሔረሰብ ስም ነው፤ የወሎ ጥበብ ግን በብሔረሰብ ስም ለመቁጠር ያስቸግራል። ባቲ ከተማ ዛሬ የምትገኘው በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ውስጥ ነው፤ በባቲ ቅኝት የሚዘፈነው ግን አብዛኛው በአማርኛ ነው፤ ሰኞ ገበያዋን የሚያደምቀው ደግሞ አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም ነው። መንዙማ በዓረብኛም በአማርኛም በኦሮምኛም ይዜማል፤ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አውራጅ አፍ። ይህ ለማን ይመዝገብ? ለአማራ ካልን ይጎድላል፣ ለኦሮሞ ካልን ይጎድላል፣ የሙስሊሞች ነው ካልን ደግሞ የባህል ቢሮው መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይለናል። ብዝኃነትን ለመደገፍ የወጣ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ የተቀላቀለውን ሕዝብ ጥበብ ማየት አቃተው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የሃይማኖቱን ጥያቄ ለብቻው ላንሳው። መንግሥት ለአምልኮ መክፈል የለበትም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ የሰው ልጆች ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ሰነዱን ያዘጋጀው መንግሥት ነው፤ ማንም ሕገ መንግሥት ተጣሰ አላለም፤ መባልም የለበትም። ለጥምቀት የሠራው ሚዛን ለመንዙማም መሥራት አለበት። ዜማን መቅዳት፣ ዐጀሚን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ፣ የድቤ አመታት ማስተማር ስግደት አይደለም።

ከታችኛው ሐይቅ ዳር ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ መጽሐፍ አለ። በ1273 ዓ.ም. አካባቢ ለገዳሙ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያን ብራና በማይክሮፊልም ማንሳት የጀመረው ፕሮጀክት ይህንን ወንጌል አንስቶ ቁጥር 1832 ሰጠው። ፊልሙ ዛሬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ካታሎጉን ካዘጋጁት ዋነኛው ኢትዮጵያዊው ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ለሥራው ገንዘብ ካዋጡት አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ለሰብዓዊ ጥናት የሚመድበው ፈንድ ነበር። የሩቅ አገር ግብር ከፋይ ለሐይቅ ወንጌል ገንዘብ ሲያወጣ፣ የራሳችን ቢሮ አርዲቦ ላይ መቅጃ ይዞ ለመውጣት የአቅም ጉዳይ ነው ሊለን አይገባም። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም እንዴት እንደተዘረፈ አይተናል። ቅጂ የሌለው ነገር አንዴ ከሄደ ሄደ።

ለማን ይከፈል ለሚለው ደቡብ ኮሪያን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው የባህል ቅርስ ሕግ መሠረት፣ ከጦርነት ወጥታ ገና ደሃ በነበረችበት ዘመን፣ ዜማን፣ ጭፈራን፣ የእጅ ሥራን በልባቸው የያዙ ሰዎችን መርጣ ወርኃዊ ድጎማ መክፈል ጀመረች። ዋነኛ ግዴታቸው ተተኪ ማስተማር ነው። ጃፓን ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። በዚህ አሠራር ገንዘቡ ለመድረክ ሳይሆን ከተማሪ አጠገብ ለመቀመጥ ይከፈላል። ለኛ ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም የተማሩት እንዲሁ ነው። እነሱን የመገበው ጎረቤት ነበር፤ ዛሬ ጎረቤቱም ተቸግሯል።

የፍርሃቱ ነገርስ? ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ካድሬ ከሆነ የወዳጃው አውራጅ ነገ የፓርቲ መፈክር ይዞ መድረክ ይወጣል፤ በዚህ ሁለተኛው ጓደኛዬ ልክ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1946 የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ሲያቋቁሙ ገንዘቡን መንግሥት እንዲሰጥ፣ ለማን እንደሚደርስ ግን ራሱን የቻለ ቦርድ እንዲወስን አደረጉ። እኛ ዘንድ ቦርዱ ከሸሆቹ፣ ከመሪጌታዎቹ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ከራሳቸው ከድምፃውያኑ ቢውጣጣ፣ አባላቱ ማን ምን እንደሚያውቅ ከየትኛውም ኃላፊ ይልቅ ያውቃሉ። ድጋፉም በብሔረሰብ ስም ሳይሆን በሙያና በቦታ ይሰጥ። አምባሰልን በክራር የሚያስተምር ማንም ይሁን ማን አምባሰልን በማስተማሩ ይከፈለው።

ገበታ ለትውልድ በተባለው የመንግሥት የቱሪዝም ልማት መርሐ ግብር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ይኸው የታችኛው ሐይቅ፣ ሎጎ ሐይቅ፣ ነው። እንግዳ ይመጣል፤ ደስ ይለኛል። እንግዳው ግን ማታ ማታ ምን ይሰማል? በድምፅ ማጉያ የተለቀቀ ዘፈን፣ ወይስ ከዚሁ አገር ሰው የተማረች ልጅ የምትገርፈውን ክራር?

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የተሁለደሬም የአምባሰልም ወረዳ ምክር ቤት እቅዱን የሚወያይበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እዚያ የምትቀመጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለበዓል ድንኳንና ለባነር ከምትይዙት ላይ ቀንሳችሁ ለሁለት አስተማሪ አዛውንቶች፣ ለጥቂት ተማሪዎችና ለአንድ መቅጃ የሚሆን ገንዘብ በራሱ መደብ አስፍሩልን። አንዱ አስተማሪ ከአምባሰል፣ አንዱ ከአርዲቦ ዳር ይሁን።