የሻወሩ ቧንቧ

የላስ ቬጋስ ውሃ አብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሌክ ሚድ ስለሚመጣ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ይመስክር። ሙቀት መጣኙ የሻወር ቧንቧም አይተርፍም። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ሰም ሲሞቅ አብጦ የሙቁን ውሃ መግቢያ ያጠብባል፤ ኖራ ከጋገረበት ግን መንቀሳቀስ ያቅተዋል።

የኛው ባንድ ጊዜ ይፈላ ጀመር። እማዬ ስኳር ስላለባት እግሯ ትኩስ አይለይም፤ ለውዱእ ስትገባ ውሃውን ቀድሜ በእጄ እሞክርላት ነበር። ባለቤቴ ሌሊት ሥራ ነው፤ እሱ በሌለበት አጅነቢ ወንድ አላስገባም።

ቢስሚላህ ብዬ ዋናውን ውሃ ዘጋሁ፤ የፍሳሹን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ (ብሎን ከገባ አይወጣም!)። መክፈቻውን ፈትቼ አሮጌውን ነቀልኩ። አዲሱ የዚያው ሞዴል ይሁን፤ ተመሳሳይ የሚመስል አይገጥምም። ከዚያ በቴርሞሜትር እየለካሁ 38 ዲግሪው ላይ አስተካከልኩ። አሮጌዎቹን ወንፊቶች በኮምጣጤ ዘፍዝፌያቸዋለሁ።