የቡሄ ሙልሙል በሃይ ማላካል

በአገራችን «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ይህ ብሂል የደጋ ሰው ብሂል ነው። ነሐሴ 13 ቀን ደርሶ በየመንደሩ ጅራፍ ሲጮህ፣ የደጋው ገበሬ የክረምቱ ጨለማ መግፈፍ እንደ ጀመረ ይረዳል። በነጭ ዓባይ ዳር በተቆረቆረችው በጁባ ግን ዝናቡ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ቡሄ ካለፈ በኋላም ክረምት አለ። የደጋው ብርድም በዚያ የለም። ይሁን እንጂ ከአገሩ የራቀ ሰው በዓሉን የሚጠብቀው በልቡ እንደ ሆነ፣ በዚችው ከተማ ሃይ ማላካል በተባለው ሰፈር ባሳለፍነው የቡሄ በዓል ለመመልከት በቅተናል።

«ሃይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው። ማላካል ደግሞ ከጁባ በስተሰሜን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በዚያው በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ጥቂት ከፍ ብሎ ሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ከሶባት ገባሮች አንዱና ታላቁም ከኢሉባቦር ተራሮች ወርዶ ጋምቤላን አቋርጦ የሚሄደው የእኛው ባሮ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ከሆነች ወዲህ፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በማላካል በኩል አልፈው ጋምቤላ ይደርሱ፣ ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህም የሚሆነው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበርና፣ የመርከቦቹ ወራት ከቡሄያችን ሰሞን ጋር ይገጥም ነበር። ስለዚህ የሰፈሩን ስም ስንሰማ እግራችን በባዕድ ምድር ቢቆምም፣ ወንዛችን ከእኛ ቀድሞ አገሩን እንደ ለመደው አስበን ተጽናናን።

በእንግድነት የተቀበለን ቤተሰብ አባወራ ቀድሞ በጦሩ ውስጥ ያገለገለና በአሥር አለቅነት ማዕርግ የተሰናበተ ሰው ነው። ከአገር ከወጣ ወዲህ በጁባ የውሃ ቦቴ እየነዳ ይተዳደራል። ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ አራተኛ የሚሉት ደግሞ መቻል የተባለውን ቡላ ውሻቸውን ነው። ስሙን ያወጣለት አባወራው ሲሆን፣ ለጦሩ የእግር ኳስ ቡድን ካለው ፍቅር የተነሣ መሆኑን እየሳቀ አጫወተን።

መቻል በዚያ ቤት የተከበረበት ምክንያት ግን ከስሙ የበለጠ ነው። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. በጁባ ከተማ ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ አባወራው መንገድ ተዘግቶበት ከቤቱ ውጭ ቀርቶ ነበር። እመቤቲቱ ልጆቿን ከአልጋ ሥር አስተኝታ ቀኑን ከሌሊት ስትቈጥር፣ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ የነበረው መቻል ከበሩ ሥር አልተነሣም። የሰው ኮቴ በቀረበ ቁጥር ያጉረመርም ነበር። «ዘብ ያለው ቤት መሆኑን ሰምተው ያለፉን ይመስለኛል» ትላለች። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለውን ተረት ሰው ለነቀፋ ሲጠቀምበት ብትሰማ ደስ አይላትም፤ እርሷ የምታውቀው ውሻ በበላበት የጮኸው ለታማኝነት ነውና።

ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን ይታሰብበታል፤ ለዚህም ምሳሌ በዋዜማው ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮሃል። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውል ሥጋና ቅቤ አይቀርብበትም፤ የዕለቱ ማዕድ ሙልሙል ዳቦ ነው። እናት ለልጆቿ፣ የክርስትና እናትም ለክርስትና ልጇ ሙልሙል ትሰጣለች፤ ሆያ ሆዬ እያለ ደጅ ለመጣውም ልጅ ሁሉ ይታደላል። የበዓሉን ስም «ቡሆ» ከሚለው የሊጥ ስም ጋር የሚያያይዙም አሉ።

እመቤቲቱ ነሐሴ 12 ቀን ከቀትር በኋላ ሊጡን አቦካች። ለጎረቤት ልጆችም ይበቃ ዘንድ ዱቄቱን ከወትሮው እጥፍ አደረገችው፤ ፈጥኖ እንዲነሣም የሱቅ እርሾ ጨመረችበት። ኮባ በዚያ ስለማይገኝ መጋገሪያ የሚሆን የሙዝ ቅጠል አዘጋጀች። ጁባ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ደጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሊጥ በዚያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክዳኑን ገፍቶ በምድር ፈሰሰ።

በዚያን ሰዓት እኛ ከአባወራውና ከልጆቹ ጋር በደጅ ችቦ እያበራን ነበር። ታላቁ ልጅ ጅራፉን ሲያጮኸው መቻል ደንግጦ ወደ ማድ ቤት ሸሸ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትንሿ ልጅ እየጮኸች መጣች። ውሻው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየታገለ አንዳች አይወጣውም፤ የኋላ እግሮቹም ይንገዳገዱ ነበር። የፈሰሰው ሊጥ ከምድሩ ተልሶ አልቋል። ከጎረቤት የመጣ አንድ ሰው «ጠላ የጠጣ ይመስላል» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ከሦስት ቤት በኋላ የሚኖር የአገሩ ተወላጅ የእንስሳት ሐኪም ነበረና አባወራው ሮጦ አመጣው። ሐኪሙ በቀጭን ጎማ ቀዝቃዛ ውሃ እያስገባ የውሻውን ሆድ ደጋግሞ አጠበ። ሥራውን ሲፈጽም እንዲህ ሲል አስረዳን፤ ያልተጋገረ ሊጥ በውሻ ሆድ ሙቀት መቡካቱን ይቀጥላል። አየሩ ሆዱን ይነፋዋል፤ ከእርሾው የሚወጣው አልኮልም ወደ ደሙ ገብቶ ያሰክረዋል። ሳይታከም የቆየ እንደ ሆነ ይሞታል። ቀዝቃዛው ውሃ እርሾውን ለማዳከም ነው። ሆኖም ይህ የሐኪም እጅ የሚሻ ሥራ ነውና፣ በቤት ውስጥ ለማስመለስ መታገል ጉዳቱን ያብሰዋል።

እመቤቲቱ ከውሻው ራስ አጠገብ ተቀምጣ «ለልጆቼ የበዓል ዳቦ ስል የቤቴን ዘብ ልገድለው ነበር» እያለች አለቀሰች። አባወራውም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለ፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ዱቄቱን ያበዛሽው ለሰው ልጅ ብለሽ አይደል? እንዲያው ተመስገን በይ» አላት። ያን ሌሊት በዚያ ቤት የተኛ ሰው አልነበረም። ሊነጋ ሲል መቻል ራሱን ቀና አድርጎ ውሃ ጠጣ።

ከዚህ ቤት ያገኘነውን ትምህርት ውሻ ላላቸው አንባብያን ቤተሰቦች ብናካፍል ይጠቅማል እንላለን። በዓል በመጣ ጊዜ ሊጥ ውሻ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ስፍራ፣ በተዘጋ ክፍል ይቀመጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ፣ ከወጥ የተረፈው ፍትፍት ለእርሱ ምግብ አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቁጣጣሽ ሲመጣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይጣልለት፤ ሲሰባበር እየሾለ ጉሮሮና አንጀት ይወጋልና። ዘቢብና ቸኮላት ለልጆች ደስታ፣ ለውሻ ግን መርዝ ናቸው። ጠላና ጠጅ እያጠጡ መሳቅም ከነውር የሚቈጠር ነው። በደንብ የበሰለና የቀዘቀዘ፣ ጨውና ቅመም ያልበዛበት የሙልሙል ቁራሽ ቢሰጠው ግን ይበቃዋል። ጅራፍ በሚጮህበት ሰዓት ጸጥ ባለ ክፍል ይግባ፤ የውሻ ጆሮ ከእኛ ይልቅ የሰላ ነውና።

እንግዳ ልጆች ወደ ግቢ በሚጎርፉበት ቀን ደግሞ፣ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ መሆኑ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ ይገባዋል።

በማግሥቱ ጧት ሃይ ማላካል ሌሊት ዘንቦባት አደረች። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በጭቃው መካከል መጡ። ከመካከላቸው አማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት የጁባ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ የሆያ ሆዬን ቃል ባያውቁትም ተቀባይ ሆነው ዱላቸውን ከምድር ጋር ያስማሙ ነበር። ትንሿ ልጅ ግን በደጅ ቆማ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች። «መቻል ታሟል» አለቻቸው፤ ይህንኑም በዐረብኛ ደገመችው። ልጆቹም ዱላቸውን አስቀምጠው ሆያ ሆዬን በለሆሳስ ዘመሩ። በዘመናችን ብዙ ቡሄ አይተናል፤ እንዲህ በዝግታ የተዘመረ ግን አልሰማንም።

እመቤቲቱ ከተረፈው ሊጥ የጋገረችውን ሙልሙል ለእያንዳንዱ ልጅ አደለች። ቁጥሩ ስላልበቃ የመጨረሻዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። ትንሿ ልጅ የራሷን ድርሻ አልበላችም። ሐኪሙ ውሻው እስከ ነገ እንዳይመገብ አዝዞ ነበርና፣ ሙልሙሉን በጨርቅ ጠቅልላ ከመስኮቱ ላይ አኖረችው።

ነሐሴ 14 ቀን ለመሄድ ጓዛችንን ስንሸክፍ፣ መቻል በሩ ሥር ካለው ከቀድሞ ስፍራው ተመልሶ ተኝቶ አገኘነው። ልጅቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ የአንድ ቀን ዕድሜ ያለውን ሙልሙል በትንንሹ እየቈረሰች ታጎርሰው ነበር። የመጨረሻውን ቁራሽ ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን ለራሷ አስቀረች። እኛ ወደ በሩ ስንቀርብ መቻል ራሱን ቀና አድርጎ አንድ ጊዜ ጮኸብን፤ እኛም ጤንነቱን ከዚያ አውቀን፣ ደስ ብሎን መንገዳችንን ቀጠልን።